ጋሽ ለይኩን ያልጠጡት ውሃ

ጋሽ ለይኩን በረዶ አይወዱም። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባሉት የሐበሻ ሬስቶራንቶች ያለ አስተናጋጅ ሁሉ ይህን ያውቃል። አዲስ የተቀጠረች ልጅ ሳታውቅ በረዶ የሞላበት ብርጭቆ ካቀረበችላቸው፣ በረዶውን በማንኪያ አንድ በአንድ ለቅመው ሰሐን ላይ ያስቀምጡና ውሃውንም ሳይነኩት «ልጄ፣ ሌላ አምጪልኝ፣ ከቧንቧው» ይላሉ። «ጋሼ፣ ጥርስዎን ያምዎታል እንዴ?» ስትላቸው «አዎ፣ ጥርሴን» ይላሉ። ውሸታቸውን ነው። ጥርሳቸው ሰው ሠራሽ ከሆነ ስምንት ዓመት አልፎታል፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ ደግሞ አመመ ሲባል ሰምተን አናውቅም።

ጉዳዩ የጥርስ ሳይሆን የምፅዋ ነው። ምፅዋን ግን ለማንም አያወሩም። «ወጣት እያሉ የት ነበሩ?» ሲባሉ «ሰሜን» ብለው ይዘጉታል። ሰሜን ሰፊ አገር ነው፣ ተከትሏቸው የሚገባበት ሰው የለም።

ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው። ከሬስቶራንቶቹ ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ መኝታ ቤት ባላት አፓርትመንት ውስጥ ይኖራሉ። በዲቪ መጥተው ዳውንታውን አንድ ጋራዥ በር ላይ፣ ወንበርና እሳቸው ብቻ በሚገቡበት የመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመኪና ትኬት ሲቀበሉ ኖሩ። ጡረታ ከወጡም ሙያው አልለቀቃቸውም፤ በመስኮት ሆነው መንገድ ላይ ፓርክ የሚያደርገውን ሰው ሁሉ ይዳኛሉ። «ቀዩን ነክቷል» ይላሉ ለራሳቸው፣ መኪና እንዳይቆምበት ቀይ የተቀባውን የመንገድ ጠርዝ ማለታቸው ነው። «ነገ መንገድ የሚጠረግበት ቀን ነው፣ ይኼ ሰውዬ ቅጣት ሊበላ ነው።» ሚስታቸው ከሞቱ ቆዩ። ልጃቸው አሮን ፓሳዴና ሆስፒታል ውስጥ ይሠራል፤ እሑድ እሑድ ይመጣና ስልኩን እያየ «ዳድ፣ ደህና ነህ?» ይላቸዋል። ጉልበታቸውና ልባቸው ተራ በተራ ሲከዷቸው ቤት እየመጣች የምትንከባከባቸው ኬርጊቨር ተመደበችላቸው። ሙሉነሽ እሷ ናት፤ ነገሩም የሚጀምረው ከእሷ ነው።

ሙሉነሽ ስልሳ ዓመት የሆናት፣ ኖርዝ ሆሊውድ የምትኖር፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላት ሴት ናት። በአሮጌ ኮሮላ በየጠዋቱ ትመጣለች። ቁርሳቸውን ትሠራለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣለች፣ ገላቸውን ታጥባለች። ገላቸውን ታጥባለች ያልኩት ላሳፍራቸው ፈልጌ አይደለም። ሰው እርጅናውን ያየችበትን፣ አይታም ያልተጸየፈችውን ሴት ማጣት ምን ያህል እንደሚፈራ እንድታውቁልኝ ነው። ይህንን ካላወቃችሁ፣ በኋላ ትፈርዱባቸዋላችሁ። ካወቃችሁም ትፈርዱባቸው ይሆናል፤ እኔም አንዳንድ ቀን እፈርድባቸዋለሁ።

የመጣች ዕለት ነው። ክኒናቸውን ደረደረች፣ ብርጭቆውን ከቧንቧ ሞላች፣ ከዚያ የአንድ እጇን ጓንት አወለቀችና መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ቀምሳ ስታበቃ ነው ብርጭቆውን በሁለት እጇ የሰጠቻቸው። ጋሽ ለይኩን ሳቁ።

«ሙሉ፣ ይኼን ከየት አመጣሽው? ይኼ እኮ የድሮ የጠጅ አሳላፊ ወግ ነው። መርዝ የለበትም ለማለት።»

«የእናቴ ልማድ ነው፣ ጋሼ። ሱፐርቫይዘሬ ብታየኝ ታባርረኛለች። እጄ ግን እምቢ አለኝ።»

«እናትሽ የት ነበሩ?»

«ምፅዋ። ውሃ ትሸጥ ነበር።»

ብርጭቆው እጃቸው ላይ ቀረ። «ማን ይባሉ ነበር?» አሉ፣ ድምፃቸው እንዳይለወጥ እየተጠነቀቁ።

«ስሟን አልጠራም፣ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያኔ በሽታ ገብቶ ሰው ያለቀው በእሷ ውሃ ነው። አሥመራ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት የነገረችኝ። እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሰው ሲጠይቀኝ እናቴ አክስቴ ናት እላለሁ። ተዝካርም አውጥቼላት አላውቅም። ምን ብዬ ሰው እጠራለሁ?»

ጋሽ ለይኩን ክኒናቸውን ዋጡ። ስሟን መጠየቅ አላስፈለጋቸውም ነበር። ያውቁታል፤ የምሥራች ትባል ነበር።

እንግዲህ ወደ ምፅዋ ልውሰዳችሁ። አንቱታውንም ለጊዜው ላስቀምጠው፤ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳን አንቱ ማለት አይሆንልኝም።

በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው። ለይኩን ጎንደር ሳኒታሪያንነት ተምሮ በተመረቀ በዓመቱ ምፅዋ ተመደበ። ሥራው ሽንት ቤት ማየት፣ ሥጋ ቤት መቆጣጠር፣ ጉድጓድ ውስጥ ክሎሪን መጨመር ነው። ከተማዋ ቱርክ የጀመራት፣ ጣሊያን የጨረሳት ወደብ ናት። በየቤቱ ፊት ቅስት በረንዳ፣ ከባቡሩ እስከ መርከቡ ጣሊያን የዘረጋው ሐዲድ፣ በላዩ ላይ ሰው እንደ ቅቤ የሚያቀልጥ ሙቀት። እዚያ ከተማ ውስጥ ሁለት ነገር ያለው ሰው ይከበራል፤ ውሃ ያለውና በረዶ ያለው። በረዶ ያለው በጣሊያን ዘመን የተተከለ የበረዶ ቤት የነበረው አንድ ባለጸጋ ነው፤ ቡና ቤቱም፣ ዓሣ ነጋዴውም፣ መንገድ ላይ ሎሚ ጨምቆ የሚሸጠውም ከእሱ ነው የሚወስደው። ውሃ ካላቸው አንዷ ደግሞ የምሥራች ናት። ከበጌምድር ከባሏ ጋር መጥታ፣ ባሏ ወደብ ላይ ሲሸከም ሞቶባት፣ ከአንዲት ልጅ፣ ከአንዲት አህያና ከአንድ በርሜል ጋር የቀረች ሴት። ከየብሱ ጉድጓድ ቀድታ በጋሪ እያዞረች በጣሳ ትሸጣለች። ለደንበኛ ስትሰጥ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ሳትቀምስ አትሰጥም። ባዕድ አገር ላይ ያለች ሴት እንዲያምኗት ማድረግ አለባትና።

አንድ ሰሞን በሦስት ቀን ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ወደ ጤና ጣቢያው መጣ። ማስመለስ፣ እንደ ሩዝ ውሃ የነጣ ተቅማጥ፣ ዓይን ገባ፣ ጣት ተሸበሸበ። አራቱ ሞቱ። ለይኩን መጽሐፉን ማገላበጥ አላስፈለገውም። ኮሌራ ይሆናል ብሎ ለአለቃው ነገረ። አለቃው አሥራት የሚባል ሰው ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ፈሪ ነበር። «ያን ቃል ከአፍህ እንዳታወጣ» አለው። «ወደብ ነው። መርከብ ይቆማል፣ ሰው ይሸበራል። ተቅማጥ በል።» ለይኩን ተቅማጥ አለ።

ቢሆንም ሥራውን ሠራ፤ ይህን አልነፍገውም። በሽተኞቹን አልጋ ለአልጋ እየዞረ ምን እንደጠጡ ጠየቀ። አብዛኞቹ በበረዶ የቀዘቀዘ የሎሚ ውሃ ጠጥተዋል። ጥቂቶቹ የየምሥራችንም ውሃ ጠጥተዋል፤ ያልጠጣት ማን አለ? ከሁለቱም ናሙና ወሰደ፣ አሽጎ አሥመራ ላከ። ውጤቱ እስኪመጣ ግን አንድ ነገር መዘጋት ነበረበት። የባለጸጋውን በር ማን ይደፍራል? «ጋሪዋን ዝጋ» አለው አሥራት።

ለይኩን ከሁለት ፖሊሶች ጋር ሄደ። ገበያ ዳር ነበረች፣ ልጇ የጋሪው ጥላ ሥር ተቀምጣ። ፖሊሶቹን ሲያይ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ቆመ። ለይኩን ለጊዜው ውሃ መሸጥ መከልከሏን ነገራት። አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችም። ጣሳዋን ከበርሜሉ ሞላች፣ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ሰው ሁሉ እያያት ቀመሰች፣ ከዚያም በሁለት እጇ ዘረጋችለት። «ጌታዬ፣ ሙቀቱ አድክሞዎታል። ይጠጡ» አለችው።

ሳኒታሪያን ከተጠረጠረ ውሃ አይጠጣም። መጽሐፉ እንደዚያ ይላል፣ መጽሐፉም ትክክል ነው፤ እኔም ብሆን አልጠጣም። ግን አፍ ነበረው። ዞር ብሎ «ወገኖቼ፣ ውሃዋ ገና አልተመረመረም፤ ይህች ሴት ጥፋተኛ አልተባለችም» ማለት ይችል ነበር። አላለም። መዳፉን ወደ ላይ አነሳና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

በእኛ ዘንድ ቀምሰው የሰጡትን አልጠጣም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ሰፈሩም ማንም እስኪነግረው አልጠበቀም። ሐኪሙ አልጠጣም፣ ቀምሳ ሰጥታው እንኳ አልጠጣም የሚለው ወሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተማዋን አዳረሰ። በማግስቱ አህያዋን በድንጋይ ገደሉባት፣ በርሜሏን በሱት። ለይኩን ሲሰማ ልቡ ደነገጠ። ከቀናት በኋላ «አገሯ ገባች» ሲሉት ግን ደስ አለው፤ ያመነውም ማመን ስለተመቸው ነው።

ጋሪዋ በተዘጋ በዘጠነኛው ቀን ከአሥመራ ፖስታ መጣ። ለይኩን ራሱ ባቡር ጣቢያ ሄዶ ተቀበለው፣ እዚያው ቆሞ ቀደደው። የየምሥራች ውሃ ንጹሕ ነው። በሽታው ያለው በረዶው ውስጥ ነው።

ወደ አሥራት ሮጠ። አሥራት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «የበረዶ ቤቱን ዛሬውኑ አዘጋዋለሁ፣ ለጥገና ተብሎ» አለ። ቃሉን ጠበቀ፣ አዘጋው። «ሴትዮዋስ?» አለ ለይኩን። «ሴትዮዋ የለችም። ሰዉ በእሷ ነው ብሎ ተረጋግቷል፤ አሁን ሌላ ስም ብንጠራ ሽብር ነው የሚነሳው። ደግሞም ያልጠጣኸው አንተ ነህ፣ እኔ አይደለሁም» አለና ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈው። ለይኩን ዝም አለ። በሽታው ቀነሰ፣ ጠፋ። በመንፈቁ አዲስ አበባ ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ በረዶ በአፉ አልዞረም።

አሁን አንቱታውን ልመልስላቸው።

ሙሉነሽ የእናቷን ነገር የነገረቻቸው ዕለት ሊነግሯት ይገባ ነበር። ክኒኑን ከመዋጣቸው በፊት፣ እዚያው። በማግስቱ ቢሆንም ያስኬዳል። ጋሽ ለይኩን ግን አሥራ አራት ወር ዝም አሉ። ጠዋት ጠዋት የኮሮላዋን ድምፅ ሲሰሙ ዛሬ እነግራታለሁ ይላሉ። ትገባለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፣ ትሰጣቸዋለች፤ እሳቸው ይጠጣሉ፣ «ቀዩን አልነካሽም አይደል?» ይላሉ፣ ቀኑ ያልፋል። አንዳንዴ ደክሟታል ይላሉ። አንዳንዴ ሰኞ ይሻላል ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ፈርተዋል። ይህች ሴት ጥላቸው ብትሄድ በእርጅናቸው ማን እጅ ላይ ይወድቃሉ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። ሃምሳ አራት ዓመት ይደር ያለ ግን የለም።

በዚህ መሀል ፋና አረገዘች። ፋና የሙሉነሽ ልጅ ናት፤ ዳውንታውን ቢሮ የምትሠራ፣ አንቱ የሚባለውን ነገር ከናካቴው የማታውቅ፣ ግልጽ ልጅ። የያዘችው ሴት መሆኗን ባወቀች ሰሞን አንድ ቀን እናቷን ተከትላ ጋሽ ለይኩን ቤት መጣች።

«ጋሼ፣ አንተ ንገራት። ልጄን በአያቴ ስም ልጥራት ስላት እምቢ አለችኝ። የአያቴን ስም አክስቷ ያስቀመጠችው አሮጌ ወረቀት ላይ ነው ያገኘሁት። የምሥራች። ሶ ቢዩቲፉል፣ አይደለም?»

«ፋና» አለች ሙሉነሽ ከኩሽና። «ያ ስም በቤቴ አይጠራም ብዬሻለሁ።»

«ዋይ? ለምን?»

ሙሉነሽ ቧንቧውን ከፍታ ሰሐን ማጠብ ጀመረች። ፋና ወደ ጋሽ ለይኩን ዞረች። በዓለም ላይ ለዚህች ልጅ መልስ ያለው አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ነበሩ። «እናትሽን ስሚያት» አሏት።

ቤቢ ሻወሩ የተደረገው ፌርፋክስ ላይ፣ ከአንዱ ሬስቶራንት ጀርባ ባለው አዳራሽ ነው። ለማያውቅ ልንገር፤ ልጅ ሳይወለድ የሚደገስ ድግስ ነው። በእኛ አገር ያልተወለደ ልጅ ስም አይነሳም፣ ዕቃም አይገዛም ነበር፤ እዚህ ፊኛ ተነፍቶ፣ ኬክ ተቆርጦ፣ ነፍሰ ጡሯ ዙፋን የመሰለ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዳይፐር ይቆጠርላታል። ለማንኛውም ሰው ሞልቶ ነበር። ጋሽ ለይኩን በዕድሜ ታላቅ ስለሆኑ ከፊት ተቀመጡ። በረዶ ያለበት የሎሚ ጭማቂ ቀረበላቸው፤ ወደ ጎን ገፉት።

መመረቂያው ሰዓት ሲደርስ ፋና ማይኩን ያዘች። «ኦኬ፣ ስሙን በተመለከተ እኔና ማሚ አልተስማማንም። እኔ የአያቴን ስም ነው የምፈልገው። እሷ ሳምሪ ትባል ትላለች። ሶ ጋሼ ይምረጥ። ጋሼ ያለውን ሁለታችንም እንቀበላለን።» ሰው አጨበጨበ።

ጋሽ ለይኩን ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ሙሉነሽ ከግድግዳው ሥር ቆማለች፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ፤ ጭንቅላቷን ለእሳቸው ብቻ በሚታይ መጠን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። አይጥሩት ማለቷ ነው፣ እባክዎ። ስሙ አፋቸው ላይ ነበር። የምሥራች ትባል፣ ምክንያቱን ደግሞ እኔ እነግራችኋለሁ ማለት ብቻ ነበር የቀራቸው። ጆሮ ሁሉ ተከፍቷል። ዳግመኛም ከብዙ ሰው ፊት ቆመው ነበር፤ ያኔ ባይናገሩ አሁን መናገር ይችሉ ነበር።

«እናትሽ ያለችው ይሁን» አሉ። «ሳምሪ ትባል። ሳምሪ ትደግ፣ ትመንደግ።»

«አሜን» አለ ሰው። ጋሽ ለይኩን ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። አጠገባቸው ያለው ሰው እርጅና መስሎት ኬክ አቀረበላቸው።

ሕፃኗ በደህና ተወለደች። ሙሉነሽ ልጇን ለማረስ ዐሥር ቀን ፈቃድ ወጣች፤ ሌላ ሴት ተተካች፣ ውሃውን በላስቲክ ጠርሙስ ታቀብላቸው ነበር። ሙሉነሽ የተመለሰችው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ኮሮላዋ ስትቆም ጋሽ ለይኩን በመስኮት ሆነው «ዛሬ እዚያ ጋ አይቆምም፣ ይጠረጋል» አሉ፣ አልሰማችም። ስልኳን ይዛ እየሳቀች ገባች። ፎቶዎቹን አሳየቻቸው፤ ቀይ ፊት፣ ጥቁር ፀጉር፣ የተጨበጠ እጅ።

«ስሟ ወረቀት ላይ ሰፍሯል። በርዝ ሰርተፊኬቷ ተሞልቶ አለቀ» አለች። «ያኛው ስም እንግዲህ ከእኔ ጋር ይቀበራል። ተገላገልኩ። እርስዎ ነዎት ያሳረፉኝ፣ ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ስድብ ቢሆን ይችሉት ነበር፤ ምስጋናው አቃታቸው።

«ሙሉ፣ ቁጭ በይ» አሉ።

«መድኃኒትዎን ልስጥና።»

«ቁጭ በይ፣ ልጄ።»

ተቀመጠች። ነገሯት። ካኪ ለብሶ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ስለመጣው ጎረምሳ፣ ስለ ጣሳው፣ ወደ ኋላ ስላሉባት አንዲት እርምጃ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ፖስታው፣ ስለ መሳቢያው ነገሯት። አንዳች አላስቀሩም። «የእናትሽ ውሃ ንጹሕ ነበር» አሉ። «አንድ ሰው እንኳ አልገደለም። ይህን በምድር ላይ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። አሥራ አራት ወር ሙሉ እጅሽን እያየሁ ዝም አልኩ። ይቅር በይኝ።»

ሙሉነሽ ስልኳን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስትናገር ድምፅዋ የዘወትር ድምፅዋ ነበር።

«ወረቀቱ በስንተኛው ቀን ነው የመጣው?»

«ጋሪው በተዘጋ በዘጠነኛው።»

«የት ተቀበሉት?»

«ባቡር ጣቢያ።»

«ባቡር ጣቢያ» አለች። «እኛ እዚያ ነበርን፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ቀና አሉ።

«ከጀርባ ያለው በረንዳ ላይ። በርሜሉን በበሱ ጊዜ እናቴ አሥመራ አክስቴ ዘንድ ልትወስደኝ ተነሳች። የጭነት መኪና አላሳፍርም አለን፣ ባቡሩም አልጫነንም። በሽታ ይዘዋል ብለው። የመጨረሻዎቹን ቀናት ውሃ የሚሸጥልንም ጠፋ፤ ጣሳችንን የሚነካ የለም። አንድ ዘበኛ ብቻ ጠዋት ጠዋት ጣሳ ሙሉ ውሃ እርቆ ያስቀምጥልን ነበር። ለቀን ያቺ ናት። እናቴ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምስና የቀረውን ለእኔ ትሰጠኛለች። 'እኔ ጠጥቻለሁ' ትለኛለች። ስትቀምስ አያታለሁ፣ ስለዚህ አምናታለሁ። የስድስት ዓመት ልጅ ምን ያውቃል?»

«መቼ ነው የሞቱት?» አሉ ጋሽ ለይኩን። መልሱን ፈርተውታል።

«ዘበኛው አሥመራ ሲያደርሰኝ ለአክስቴ ሲነግራት ሰምቻለሁ። ውሃ ጥም ነው የገደላት፣ ጋሪው በተዘጋ በአሥራ አንደኛው ቀን።»

ሁለት ቀን። ጋሽ ለይኩን ፖስታውን ይዘው በፊት ለፊቱ በር ወጥተው ነበር። አንድ ሰው ቢጠይቁ፣ አንድ ጊዜ ዞር ቢሉ፣ አሥራትን ትተው ገበያው መሀል ቆመው ወረቀቱን ጮክ ብለው ቢያነቡት፣ ሁለት ቀን ነበራቸው። ሃምሳ አራት ዓመት ስም ብቻ ያጠፉ ይመስላቸው ነበር። ያጠፉት የእናቷን ነፍስ እንደሆነ አሁን ገባቸው፤ ለቅሶ ይሁን ማቃሰት ያልለየ ድምፅ አወጡ።

ሙሉነሽ ተነሳች። «ስሙ እንኳ ይለወጣል» አለች፣ ጀርባዋን ሰጥታቸው። «ፎርም ነው፤ ፋና ሄዳ ትሞላዋለች።» ከዚያ «የመድኃኒትዎ ሰዓት አልፏል» አለች። ብርጭቆውን ከቧንቧ ሞላች። ጓንቷን አላወለቀችም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላቸውና ምጣድ ልታጥብ ገባች። ስትወጣ ኮሮላዋ ላይ የቅጣት ወረቀት ተለጥፎ አገኘች፤ ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሄደች።

ትመጣለች፤ አልቀረችም። ጋሽ ለይኩን የፈሩት ነገር አልደረሰባቸውም። ጀርባቸውን ታሻሻለች፣ ገንፎ ታገነፋላቸዋለች፣ «ጋሼ» ትላቸዋለች። ሕፃኗ የምሥራች ተብላለች፤ ይህን የነገረቻቸው ፋና ናት፣ በስልክ። የአያትየውም ተዝካር ወጣ፤ ሰው ተጠራ፣ እሳቸው አልተጠሩም። የሕፃኗን ፎቶ ከዚያ በኋላ አላዩም። ውሃው በየጠዋቱ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥላቸዋል፣ ሳይቀመስ።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ለይኩን አንድ ነገር አደረጉ። ሙሉነሽ ብርጭቆውን ስታስቀምጥ፣ ከዘራቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው ተነሱ። ውሃውን መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው እያየቻቸው ቀመሱ። ከዚያ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ዘረጉላት። ብርጭቆው ሙሉ ነው፣ ውሃው እየፈሰሰ ምንጣፉን አራሰው።

«ጠጪ፣ ልጄ» አሏት።

ሙሉነሽ ብርጭቆውን አየችው፣ እሳቸውን አየቻቸው። «እኔ ይዣለሁ፣ ጋሼ» አለች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን የላስቲክ ጠርሙስ በአገጯ እያመለከተች። አልተቆጣችም። ሻወሩ እስኪሞቅ ልክፈተው ብላ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገባች።

ጋሽ ለይኩን ብርጭቆውን እንደዘረጉ ትንሽ ቆዩ። ክንዳቸው ሲዝል ተቀመጡና ክኒናቸውን ዋጡበት።